ኦሪጅናሉን አትንኩት ለምትሉ

«የ1966 ሙስታንግ ላይ አዲስ ፍሬን መግጠም ታሪክ ማበላሸት ነው» ይላል አንዱ። የቱን ታሪክ? የዚያ መኪና የፍሬን ዘይት ቋቱም አንድ፣ መስመሩም አንድ ነው። በአንዱ ጎማ በኩል ቱቦው ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ፎርድ ራሱ በ1967 ሞዴሉ ላይ የፊቱንና የኋላውን ለያየው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካው ያረመውን እኔ ባርመው ነውሩ ምንድን ነው? ታሪክ እወዳለሁ፤ ታሪክ ለመሆን ግን አልቸኩልም።

«መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ይከበር!» ይከበር። ግን እንዴት እንደወጣ እንነጋገር። የአሜሪካ ጡንቸኛ መኪኖች አባት እየተባለ የሚወደሰው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ እኮ፣ የፖንቲያክ መሐንዲሱ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ የትልልቆቹን ፖንቲያኮች 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አንስተው መካከለኛው ቴምፐስት ውስጥ የከተቱበት መኪና ነው። ያውም የፖንቲያክ እናት ኩባንያ የጄኔራል ሞተርስ ደንብ «ለዚህ ቁመት 330 ይበቃል» እያለ! አባት የሰው ሞተር ተውሶ ከተወለደ፣ ልጅ ሞተር ሲቀይር «ዘሩን ካደ» ብሎ የሚፈርደው የትኛው ዳኛ ነው?

የእሽቅድድም መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢስ? ሙስታንጉን ከፎርድ ተረክቦ 271 የነበረውን የፈረስ ጉልበት 306 አድርሶ ጂቲ350 አለው። ጄኔራል ሞተርስ «ካማሮ ውስጥ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ አላስገባም» ሲል፣ የፔንሲልቬንያው መኪና ሻጭ ዶን የንኮ 427 አስገባበት። ዛሬ የየንኮ ካማሮ ለጨረታ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ያው «አትንኩት» ባዩ ነው። በ1967 የተነካካው ቅርስ፣ ዘንድሮ የተነካካው ርኩስ!

«የ1970 ሸቬል እኮ 450 ፈረስ ነበረው» ብሎ የሚፎክርም አለ። ፈረሶቹ ሲቆጠሩ የት ነበሩ? ያኔ ሞተሩ የሚለካው መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ፣ የመኪናው ማርሚታ ሳይገጠምለት ነበር። በ1972 ሞዴሎች ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይለካ ሲባል የሁሉም ቁጥር ወረደ። በአሮጌው ሞተር ቦታ የሚገባው፣ በ1997 ኮርቬት ላይ የመጣው ኤልኤስ1 ሞተር ግን 345 ፈረሱን ያስቆጠረው ለብሶ ነው። ብሎኩም አሉሚኒየም ስለሆነ፣ የድሮው ትልቅ የብረት ሞተር የፊት ጎማዎቹ ላይ የሚጭነውን ሸክም ያቀልላቸዋል።

«ካርቡረተር ነፍስ አለው።» አለው፤ የአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ሲወጣ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ሲሳሳ፣ ለባሕር ጠረፍ የተበጀው ቀዳዳ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል ያንቆረቁራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው የቤንዚን መርጫ የጭሱን ኦክስጅን እየለካ ራሱን ያስተካክላል። ከዴንቨርም ከፍ ባለችው አዲስ አበባ አሮጌ ካርቡረተር ያስለቀሰው አንባቢ እዚህ ላይ ምስክሬ ነው።

«ድምፁስ?» ይህቺ ጥያቄ የእኔም ናት። ያ ሆድ የሚያርድ ጉርምርምታ የሚመጣው ከካርቡረተሩ አይደለም፤ ስምንቱ ሲሊንደሮች በየወገናቸው ተራ እየዘለሉ ስለሚተኩሱ ነው። ይህን የሚወስነው የሞተሩ ዋና ዘንግ ቅርፅ ነው፤ ኤልኤስም ያንኑ ቅርፅ ይዟል። ማርሚታውን በጆሮህ ምረጥ እንጂ ድምፁ አይጠፋም። ስምንቱን ሲሊንደር አውጥቶ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሚገጥም ግን ጥብቅና አልቆምም፤ እሱ የራሱን ጠበቃ ይፈልግ።

የማይነካ የለም ወይ? አለ እንጂ! ስቲቭ ማክዊን በ«ቡሊት» ፊልም የነዳው የ1968 ሙስታንግ በ2020 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው ቀለሙ ሳይታደስ፣ ከነጭረቱ ነው። እሱ ላይ መፍቻ የሚያነሳ እጁን ይሰብስብ። እኔ የምሟገተው በየሜዳው ዝናብ ሲወርድበት ለኖረው፣ ወለሉን ዝገት ለበላው፣ ሞተሩ ድሮ ለጠፋው ነው። እሱን «በኦሪጅናሉ ይቀመጥ» ማለት በዝገቱ ይለቅ ማለት ነው።

«ዋጋው ይወድቃል» ለሚለው፦ ሻንሲ አትቁረጥ፣ በቡሎን የሚታሰረውን ምረጥ፤ የወጣውንም ሞተር ከነቁጥሩ ዘይት ቀብተህ ጠቅልለህ አስቀምጥ። የሚገዛህ ኦሪጅናሉን ከፈለገ መልሶ ያስገባው።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?» ከፍሬኑ። ቀጥሎ ጎማና መሪ፣ ከዚያ ራዲያተር፤ ሞተሩ በስተመጨረሻ ይምጣ። የ1960ዎቹን ታምቡር ፍሬን እንዳለ ትቶ 400 ፈረስ ጭኖበት «ጨርሻለሁ፣ ውሰድ» የሚል ጋራዥ ካጋጠመህ፣ ቁልፍህን ተቀበልና መኪናህን በጎታች አስወጣ።