ነቅለህ ሰካው እስከ መቼ?

በሲሪያል ኬብል እንጀራውን የሚበላ ሁሉ የሚያውቃት ምክር አለች፦ «ነቅለህ ሰካው»። እሷ ካልሠራች ደግሞ «ሪስታርት አድርገው» ይከተላል። የራውተር ኮንሶል የሚከፍተው የኔትወርክ ባለሙያ፣ አርዱይኖ ላይ ኮድ የሚጭነው ተማሪ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፒኤልሲ የሚጠግነው ቴክኒሺያን፣ ሁላችንም በዚህች ምክር ስንኖር ዓመታት አለፉ። ታከተን።

ዊንዶውስ ላይ ትናንት ኮም 3 የነበረው ኬብል ዛሬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ኮም 7 ሆኖ ይመጣል። ኬብሉ ውስጥ የሚገቡት እንደ ሲኤች340 ያሉ ርካሽ ቺፖች አብዛኞቹ የራሳቸው መለያ ቁጥር ስለሌላቸው፣ ሲስተሙ የሚለያቸው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው። አንዴ የሰጠውን ቁጥር ደግሞ ሬጅስትሪ ውስጥ መዝግቦ ይይዘዋል። ኬብሉ ተነቅሎ፣ ተበላሽቶ፣ ተጥሎ እንኳ ቁጥሩ «ተይዟል» እንደተባለ ይቀራል፤ ተከራይ ቤት ለቆ ቁልፉን ይዞ እንደ ሄደ ማለት ነው። ቁጥሩ ከ9 ሲያልፍ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ፖርቱን መክፈት ያቅታቸዋል። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ገብተህ፣ የተደበቁትን አሳይ ብለህ፣ የሌሉ ኬብሎችን አንድ በአንድ ስትሰርዝ ትውላለህ። ይህ የእኛ ሥራ አልነበረም።

ሊኑክስም ከዚህ አላመለጠም። ፕሮግራም ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 የተባለውን ፖርት ከፍቶ ሳለ ኬብሉ ከተነቀለ፣ ፕሮግራሙ ፖርቱን እስኪዘጋ ድረስ ቁጥሩ አይለቀቅም፤ መልሰህ ስትሰካው ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1 ይሆንብሃል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ይህ የከርነሉ ጥፋት አይደለም። ሰው የያዘውን ነገር ከእጁ መንጠቅ የባሰ ጣጣ ያመጣል። የሚያንገበግበኝ ከዚህ ሥር፣ ድራይቨሩ ውስጥ ያለው ነው።

ድራይቨር አንድን ፖርት ሲያስነሳ ሜሞሪ ይወስዳል፣ ክሎክ ያበራል፣ የኢንተራፕት መስመር ይይዛል፣ ዲኤምኤ ቻናል ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ፖርቱን ያስመዘግባል። ዲኤምኤው ላይ እምቢ ቢባል፣ እስከዚያ የያዘውን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለሰ መውጣት አለበት። አንድ ሰው መሃል ላይ አዲስ እርምጃ ይጨምራል፣ ከታች ያለውን መመለሻ ግን ይረሳል። ክሎኩ እንደበራ ይቀራል፣ ባትሪውን ይበላል። ኢንተራፕቱ ካልተለቀቀ ደግሞ ድራይቨሩን መልሰህ ስትጭን «ተይዟል» ይልሃል፤ የያዘው ያው ራሱ ነው። ይህ ሁሉ ሳይታይ የሚያልፈው ያ የመመለሻ መንገድ የሚኬደው ነገር ሲበላሽ ብቻ ስለሆነ ነው። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የሚበላሸው እኛ ጋ ነው።

አንዳንዴ ጸሐፊውን የሚያሳስተው ራሱ ከርነሉ ነው። ተኝቶ የነበረን መሣሪያ የሚቀሰቅሰው የቆየ የሊኑክስ ጥሪ፣ ባይሳካለትም የተጠቃሚ ቆጣሪውን ከፍ ያደርጋል። ስህተት መጣ ብሎ ቆጣሪውን ሳያወርድ የወጣ ድራይቨር መሣሪያውን ዳግመኛ እንዳይተኛ አድርጎ ሄደ ማለት ነው። ይህን የሚያርም ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ተጨመረ፤ አሮጌውም ግን ቀረ። ድራይቨር ከመሣሪያው ሲለያይ የሚጠራው ፈንክሽንም እንዲሁ ነበር። ቁጥር ይመልስ ስለነበር ብዙዎች «አልቻልኩም» ብለው መሃል ላይ ማቆም የሚችሉ መስሏቸዋል። ከርነሉ ግን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል፤ መሣሪያው ይሄዳል፣ ያልተለቀቀው እዚያው ይቀራል። ለፕላትፎርም ድራይቨሮች ይህ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ያውም ድራይቨር በድራይቨር እየታረመ፣ በብዙ ልፋት።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሊኑክስ ውስጥ የመጣው፣ ድራይቨር የያዘውን በራሱ የሚለቅ አሠራር ብዙ ሸክም አቅልሏል፤ አላማርርበትም። ነገር ግን እሱን ጠርቶ መተኛት አይቻልም። ኢንተራፕቱ በራሱ የሚለቀቀው ድራይቨሩ ፖርቱን አስወግዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በመሃል ባለችው ቅጽበት አንድ ባይት ከመስመሩ ቢመጣ፣ ኢንተራፕቱ የተለቀቀ ሜሞሪ ሊነካ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ከሜትር ላይ ንባብ ሲመዘግብ ያደረ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ሲወድቅ፣ የጠፋውን ንባብ ሪስታርት አይመልሰውም።

ድራይቨር የምትጽፉ፣ ቺፕ የምትሸጡ፦ ከመልቀቃችሁ በፊት ፖርቱን ክፈቱ፣ ዳታ እየፈሰሰ ሳለ ኬብሉን ንቀሉት። ሞጁሉን አራግፋችሁ መልሳችሁ ጫኑት፣ ደጋግሙት። የሊኑክስ ከርነል ሳይለቀቅ የቀረ ሜሞሪን የሚጠቁመውን ኬሜምሊክን፣ የሜሞሪ ጥያቄን ሆን ብሎ የሚያከሽፈውን ፎልት ኢንጀክሽንንም በውስጡ ይዟል። አብሯችሁ ያለ መሣሪያ ነውና እባካችሁ ተጠቀሙበት።