«ጋለሞታ» ስለሚባለው ቃል ትርጓሜና አገባብ አጭር ሐተታ

በአንድ የፍልሰታ ሰሞን፥ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ አስቀድሰው ወደ ታች የሚወርዱ አንዲት አሮጊት፥ በቴዎድሮስ አደባባይ፥ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ በቆመበት አንጻር፥ የሦስት ብር መልስ ከከለከላቸው ወያላ ጋር ብዙ ተከራክረው አልሆን ቢላቸው፥ ነጠላቸውን አስተካክለው «ጋለሞታ!» ብለው ሰደቡት። ወያላው ለጥቂት ጊዜ አሰበና «እሱ ደግሞ ምንድን ነው፥ እማማ?» አላቸው። ስድብ ከተሰዳቢው ዘንድ ትርጓሜ እስኪጠየቅበት ድረስ ማርጀቱ ቋንቋን ለሚወድ ሰው ታላቅ ኀዘን ስለ ሆነ፥ ይህን ሐተታ ለመጻፍ ተገደድሁ።

አስቀድሞ ስለ ማዕርጉ። በግእዝ ግሡ ዘመወ፥ ሴቲቱም ዘማ ትባላለች፤ የኢያሪኮዋ ረአብ በግእዙ ዘማ፥ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጋለሞታ ናት። ዮሐንስም በራእዩ በ17ኛው ምዕራፍ በቀዩ አውሬ ላይ ተቀምጣ ያያት ባለሐምራዊ ልብስ በዚሁ ስም ተጠርታለች። ስለዚህ ቃሉ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ቢያነበው የማያፍርበት፥ አሮጊቷም በጾም ቢናገሩት የማያስገድፍ፥ ከስድብ ሁሉ ተለይቶ የጾም ስድብ ነው ማለት ይቻላል።

በባላገር አነጋገር ግን ጋለሞታ ማለት ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች፥ ብቻዋን የምትኖር ሴት ማለት ነው፤ በዚህም ረገድ ነገሩ ስድብ ሳይሆን እንደ ቀበሌ መዝገብ ያለ የኑሮ ሁኔታ መግለጫ ነበር። ቃሉን ለሁለት ሰንጥቀን «ጋለ» እና «ሞተ» ብለን ብንተረጕመው፥ ምንም እንኳ በዘር ቈጠራ የማይጸና ቢሆን፥ እንዲህ ያለ ምስጢር ይወጣዋል። ሞተ ያለው ባልዮው ነው። ጋለ ያለው ማን ነው ቢሉ፥ ጎረቤት ነው፥ ስለ እርሷ ሲያማ ይግላልና፤ አንድም የሟቹ ወንድም ነው፥ ስለ ርስቱ ይግላልና፤ አንድም ትናንት ሊያጽናናት መጥቶ ዛሬም ሊያጽናናት የመጣው ሰው ነው። ስለ ሴቲቱ ግለት የሚያስረዳ ምስክር ግን አላገኘንም።

ይህን ቃል ከአደባባዩ ያባረረው ከዐረብ የመጣው «ሸርሙጣ» ነው። ሱዳኖች ሸርሙጥ የሚሉት ቋንጣን ስለ ሆነ፥ ካርቱም ላይ ምሳ የሚያዝ የአገራችን ሰው ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ አስተናጋጁ የሚያመጣለት ግን ወጥ ነው። ቀጥሎም ጨዋ ጸሐፊዎች ያለ ስድብ ይጠሩ ዘንድ «ሴተኛ አዳሪ» የሚለውን መርጠው፥ ሴቲቱን ከአርሶ አደሩና ከወዝ አደሩ ጎን ወስደው አሰለፏት።

ከዚህ አደባባይ ብዙ ሳይርቅ፥ በደጃዝማች ውቤ አትናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ አለ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሌሊት ጨዋታ የታወቀ ስለ ነበር፥ በረሃ መባሉ ለመልክዐ ምድር ሊቅ ግራ ያጋባል፤ ከመጠጥ ወገን በዚያ የሚጠፋው ውሃ ብቻ ነበርና። ለሐተታችን የሚረዳው ግን፥ በዚያ ሰፈር የነበሩት ሴቶች ከላይ የቈጠርናቸው ስሞች ሁሉ ሲሰጧቸው፥ ገንዘብ ይዘው የሚገቡት ወንዶች «እንግዳ» ከመባል አለማለፋቸው ነው። በግእዙ ዘማዊ የሚል የወንድ ስም ተዘጋጅቶ ሳለ፥ መንገድ ላይ ሲሰደብበት የሰማሁት ሰው የለም። ቢበዛ «ሴት አውል» ይባላል፤ እርሷ ታድራለች፥ እርሱ ይውላል፥ ልዩነቱ የሰዓት ብቻ ይመስላል። እርሱም ሲሰማው ፈገግ ይላል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አመንዝራነትንም ስድብንም በአቤቱታ የሚያስቀጣ አድርጎ ስለ ደነገገ፥ ያደረገውም ያለውም በአንድ ችሎት ተራ ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። አሮጊቷ ግን አንድ ወጣት ወንድ በሴት ስም በመስደባቸው ከሕጉ ይልቅ ሰዋስውን በድለዋል፤ ወይም ደግሞ የጎደለውን የወንድ ስም ለመሙላት የመጀመሪያውን እርምጃ ወስደዋል፤ የትኛው እንደ ሆነ ልጠይቃቸው ስል መንገዱን ተሻግረው ሄዱ።

ስለዚህ ወደ ወያላው ቀረብ ብዬ፥ የቃሉ ጥንተ ትርጓሜ ባል የሌላት ማለት እንደ ሆነ በትሕትና አስረዳሁት።

«ታዲያ ፋዘር፥ ምን ዋሹ?» አለኝ። «ባልማ የለኝም።» ወዲያውም በበሩ ተንጠልጥሎ «ለገሃር! ለገሃር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ሄደ፤ የአሮጊቷን ሦስት ብር እንደ ያዘ።