ጠቅ እስክትል

ቤታችንን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው አባወራውንም እማወራዋንም አይጠይቅ። ሻዩ መቼ እንደሚፈላ፣ ሸሚዙ መቼ እንደሚተኮስ፣ የታጠበው ልብስ መቼ ከማሽኑ እንደሚወጣ፣ ሻወር የገባው ሰው በሙቅ ይታጠብ ወይስ እየተንዘፈዘፈ ይውጣ፣ ይህን ሁሉ የምትወስነው ከሳንቲም የማትበልጥ ቁራጭ ብረት ናት። ስትፈቅድ ጠቅ ትላለች። ካልፈቀደች እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ቴርሞስታት እንላታለን። በየዕቃው ሆድ ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ትዝ የምትለን ስታስቸግር ብቻ ነው።

አሠራሯ ደግሞ ሲነገር ቀላል ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሁለት ዓይነት ብረት በስሱ ተዳምጦ፣ ላይና ታች ተጣብቆ አንድ ይሆናል። ሲሞቅ ሁለቱም ይለጠጣሉ፤ ግን እኩል አይለጠጡም። የአንድ ሜትር የናስ ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ተራው ብረት 1.2 ያህል። ኢንቫር የሚባለው፣ 36 ከመቶ ኒኬል ያለበት ብረት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ነው። (ይህን ሙቀት የማይሞቀው ብረት እ.ኤ.አ. በ1896 ያገኘው ሻርል ኤዱዋር ጊዮም በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል፤ ምንም ባለማድረግ ያሸለመ ብረት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) እንግዲህ ሁለቱ ተጣብቀዋልና አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ቸኩሎ የሚራመድ በሬና ጎታታ በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ እርሻው ወደ ጎታታው በኩል እንደሚዞረው፣ ብረቷም ብዙ ወዳልተለጠጠው ጎን ትጎብጣለች። ስትጎብጥ ኤሌክትሪኩን ታላቅቃለች፤ ስትበርድ ተመልሳ ታገናኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የላትም።

መነሻዋን ስሰማ ይበልጥ ከፋኝ። ዘዴውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ጆን ሃሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነው። መርከበኞች ባሕር ላይ የት እንዳሉ የሚያውቁበትን ሰዓት ሲሠራ፣ ሙቀትና ብርድ በተፈራረቁ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይዛባ ብሎ ነው ሁለት ብረት ያጣበቀው። ሦስተኛውን ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በ1740 ጀምሮ በ1759 ጨረሰ። ሰውየው 19 ዓመት የደከመው ሰዓት እንዳይዘገይ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከሥራ የምታዘገየን ያቺው የሱ ብረት ናት።

ኬትሉን እንይ። ብዙ ሰው ከሥር ያለው ነገር የውሃውን ሙቀት ለክቶ የሚያጠፋው ይመስለዋል። አይደለም። እጀታው አካባቢ መሃሏ በትንሹ ያበጠች ክብ ብረት አለች። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በጠባብ መተላለፊያ ሄዶ ያገኛታል፤ እብጠቷ በቅጽበት ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል፤ ማጥፊያውን ገፍታ ትጥላለች። ራስል ሆብስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዝ አገር ያወጣው ራሱን የሚያጠፋ ኬትልም የሚሠራው በእንፋሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚህ እንኳ አዲስ አበቤ ሊያመሰግናት ይገባል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ካልተቃጠልኩ አላምንም ብላ 100 ዲግሪ የምትጠብቅ ብትሆን ኖሮ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ስንጠብቃት እንኖር ነበር። ነገር ግን ክዳኑ ክፍት ከሆነ እንፋሎቱ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፣ እሷም ወሬውን አትሰማም፣ ውሃው ሲንተከተክ ይከርማል። በየቤቱ ደግሞ ክዳን መግጠም የሚከብደው አንድ ሰው አይጠፋም።

ካውያው የባሰ ነው። መዞሪያው ላይ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ አለ፤ 110፣ 150ና 200 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። መዞሪያውን ስናዞር ሙቀት እየመረጥን ይመስለናል። የምናዞረው ብሎን ነው፤ ብሎኑ ጠበቅ ሲል ብረቷ ኮንታክቱን (የኤሌክትሪኩን መገናኛ) ለማላቀቅ የበለጠ መጉበጥ ይኖርባታል፣ የበለጠ ለመጉበጥም የበለጠ መሞቅ። ክፋቱ ከታች ያለው ሳህን መጀመሪያ ይግላል፣ ለሷ ወሬው የሚደርሳት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙቀት ሁልጊዜ ከልኩ ያልፋል። መብራቷ ጠፋች፣ ደረሰ ብለን የናይለን ሻሿን ስናስነካው ሻሿ ተጨማዳ ካውያው ላይ ትቀራለች። ልምድ ያላቸው ተኳሾች መብራቷ አንዴ ጠፍታ እስክትበራ፣ ደግሞም እስክትጠፋ ድረስ የማይነኩት ወደው አይደለም። ይህን የሚነግር ወረቀት ከካርቶኑ ውስጥ አለ ይባላል፤ ያነበበው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የፀጉር ማድረቂያውም ያው ነው፤ አየር መሳቢያው በፀጉርና በአቧራ ሲታፈን ብረቷ ግላ ታጠፋዋለች፣ ግማሽ ራስ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ሆኖ እስክትበርድ ይጠበቃል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አጥቦ፣ ጨምቆ፣ ጨርሻለሁ ብሎ ጮኾ ነግሮን ስናበቃ በሩን አይከፍትም። በብዙዎቹ ማሽኖች የበሩ መቆለፊያ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያና ይህችው ብረት አሉ። ማሽኑ ሲነሳ ትሞቃለች፣ ትጎብጣለች፣ ቁልፉን ትይዛለች። አጠባው ሲያልቅ ማሞቂያው ይጠፋል፤ እሷ ግን እስክትበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋታል። በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ እጅ እንዳይገባ ነው፤ እሺ፣ ደግ ነው። ቢሆንም መዘፍዘፊያውን አቅፎ በር ላይ መቆም፣ እጀታውን መሞከር፣ ደግሞ መሞከር፣ ከዚያ የማሽኑን ጎን በጉልበት መግፋት የየቤቱ ሥርዓት ሆኗል።

ማታ መብራት ሲደክም ደግሞ ፍሪጁ ይጀምራል። ኃይሉ ስለቀነሰ ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል፤ እምምም ይላል፣ ሳይነሳ ብዙ ይስባል፣ ይግላል። ከጎኑ የተለጠፈችው ብረት ጠቅ ብላ ታላቅቀዋለች። ዝም። ትበርዳለች፣ ታገናኘዋለች፣ እምምም፣ ጠቅ። ይህ እስከ ንጋት ይቀጥላል። ሞተሩን ከመቃጠል እያዳነችው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ግን ይህን ማወቅ እንቅልፍ አይሆንም።

ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከርም ከነሱ ወገን ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ እየሠራ አንዱ ሄዶ ቦይለር ያበራል፣ ሌላው ካውያ ይሰካል። ብሬከሩ ወዲያው አይወርድም፤ ውስጡ ያለችው ብረት ቀስ እያለች ትሞቃለች፣ ሊጡ ምጣዱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ፣ ዓይን አውጥቶ ሳይበስል ትጥላለች። ሮጠን ሄደን ስንመልሰው አይዝም፤ አልበረደችማ! ደጋግሞ ወደ ላይ ሲገፋው የሚቆይ ጎረምሳ በየግቢው አለ፤ የሚሳካለትም እልሁ ሲያልቅና ጥቂት ሲያርፍ ነው። እንጀራው ግን አንዴ ተበላሽቷል።

ቦይለሩ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው የናስ ቱቦ ሲሆን ኢንቫር ዘንግ በሆዱ ይዟል፤ ቱቦው ሲረዝም ዘንጉ አልረዝምም ይላል፣ በልዩነታቸው ማብሪያው ይላቀቃል። እሱ ሲሰንፍና ውሃው ከልክ ሲያልፍ ሁለተኛዋ ጎባጣ ብረት ታቋርጠዋለች፤ ይህችኛዋ ግን ብትበርድም በራሷ አትመለስም፣ በጣት መጫን አለባት። የምትጫነው ትንሽ ቁልፍ ያለችው ደግሞ ከሥር፣ በብሎን ከታሰረው ክዳን በስተጀርባ ነው። ባለሙያ ይጠራል። ክዳኑን ይፈታል፣ ጣቱን ይሰዳል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ ክዳኑን ይመልሳል፣ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ሒሳብ ይጠይቃል። ለምን እንዳቋረጠች ግን አይፈትሽም፤ ስለዚህ ሰንበት ብሎ ደግሞ ይጠራል።

ይህ ሁሉ እሷ በሕይወት ስላለች ነው። ስትሞት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 2,000 ዋት ካውያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ በተላቀቀች ቁጥር ኮንታክቶቹ መሃል ብልጭ ይላል። ብልጭታው ፊታቸውን ያጠቁረዋል፣ ይቦረቡረዋል፤ አንድ ቀን ወይ ጨርሰው አይነካኩም፣ ወይ ተበየደው አይላቀቁም። ካውያውን ፈትቶ ለሚያይ ሰው ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ሳህኑ ደህና፣ ማሞቂያው ደህና፣ ገመዱ ደህና። የሞተችው እሷ ብቻ ናት። መለዋወጫ ፍለጋ ሲኬድ የዚህ ሞዴል የለም፣ የሚመሳሰል አለ፣ ግን ቀዳዳው አይገጥምም፣ አዲስ ካውያ ለምን አይገዙም ይባላል።

አዲሱን መግዛት ያልቻለ ሰው መጨረሻው ሰፈር ያለው ጥገና ቤት ነው። እዚያ ለቴርሞስታት ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻ አለ፤ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ እሷን ማለፍ። ፍሪጅም ይሁን ቦይለር መድኃኒቱ አይለወጥም። ከልክ አልፎ የሚሞቅ ቦይለር የተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ግፊት እንደሚያጠራቅም፣ ያኔ የሚቀረው ተስፋ አንዲት ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ብቻ እንደሆነች የሚያነሳ የለም። ዕቃው ሠርቷል፣ ሒሳቡ ተከፍሏል።

አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት እናት ካውያቸውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ቴርሞስታቱ ነው እትዬ። ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ አይጠፋም።»

«አይጠፋም? ታዲያ መሞቁን በምን አውቃለሁ?»

ልጁ ከሚበይደው ነገር ቀና እንኳ አላለም።

«ሲሸትዎት ይነቅሉታል።»