ጠንቋይ የሞላበት ቤት

በእኛ ጊዜ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጨለማን ተገን አድርጎ ነበር። ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ፣ ልጄ ሳሎን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ይጠነቆላል። የልጅ ልጆቼ ሶፋው ላይ ተዘርረው “ይሄ ድራማ ስንት ኤሚ ይበላል?” እያሉ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ። አይታችሁታል ወይ ስላቸው፣ ትልቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል “አባባ፣ ለመገመት እኮ ማየት አያስፈልግም” አለኝ። ጉድ በሉ!

እኔ ግን አይቻለሁ። “ሾገን”ን ማለቴ ነው። አብዛኛው ንግግር ጃፓንኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሥር እየሮጠ ያልፋል፤ መነጽሬን ፈልጌ እስካጠልቅ አንዱ ተሰይፎ ሌላው ሐዘን ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቢሆንም ዋናው ተዋናይ ሂሮዩኪ ሳናዳ ምንም ሳይናገር ቁጭ ሲል ደጃዝማች ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለውን ሰው ትቶ ሽልማት መቁጠር ምን የሚሉት በሽታ ነው?

ትንቢታቸውስ ቢሆን! በ2024 “ሾገን” 25 ጊዜ ታጨ። ዋናው የሽልማት ምሽት ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ለልብሱ፣ ለፀጉር ሥራው፣ ለካሜራውና ለመሳሰለው 14 ሽልማት ተሰጠው። ዋናው ምሽት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ዋለ፤ የዕንቁጣጣሹ አበባ እንኳ ገና አልጠወለገም። የልጅ ልጄ ደረቱን ነፍቶ “17 ይወስዳል ብያለሁ” ይላል። አንተ ልጅ፣ 14ቱ ኪሱ ከገባ በኋላ ሦስት መደመር ነው ትንቢቱ? ድራማው ግን በዚያ ምሽት 4 ጨምሮ 18 ሞላ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል የወሰደ ተከታታይ ድራማ ከዚያ በፊት አልነበረም። ልጁ “ለጥቂት ነው እኮ አባባ” እያለ ሃያ ዶላሩን ለእህቱ ቆጠረ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም።

“ዘ ቤር” የሚሉት ደግሞ አለ። ኮሜዲ ነው ብለው 23 ጊዜ አጩት። ወጥ ቤት ገብተው ሲጯጯሁ፣ ድስት ሲያንኳኩ፣ ሲያለቅሱ አየሁ እንጂ የሚያስቅ ነገር አላየሁም፤ ባለቤቴ እንጀራው ሲጠቁርባት የምትናገረው ይሻላል። ጠንቋዮቼ ሁሉ በአንድ ድምፅ “ምርጥ ኮሜዲ እሱ ነው” ብለው አስያዙ። እውነት ነው፣ 11 ሽልማት ወስዷል። ምርጥ ኮሜዲ የተባለው ግን “ሃክስ” ሆነ! ያን ለት ሳሎኑ ዝም አለ፤ እኔም ዜናዬን በሰላም ሰማሁ።

መራጮቹ እኮ ሙያተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተዋንያን፣ ደራስያን፣ የካሜራ ሰዎች። ድምፁን የሒሳብ ባለሙያ ይቆጥራል፣ ፖስታው ይታሸጋል። ከፖስታው ውስጥ ያለውን ሜሪላንድ ሶፋ ላይ የተጋደመ ጎረምሳ ከየት ያውቀዋል? “ቤተር ኮል ሶል” የሚሉት ድራማ 53 ጊዜ ታጭቶ አንድም ኤሚ ሳያገኝ አለቀ። ሃምሳ ሦስት ጊዜ! ሽማግሌ ተልኮ ሃምሳ ሦስት ጊዜ እንቢ የተባለ ሙሽራ ቢሆን አገር ለቆ ይሰደድ ነበር። “ይገባው ነበር” ይሉኛል ልጆቹ። እንደሚገባውማ እኔም አምናለሁ፤ ታዲያ የሚገባውና የሚሰጠው ካልተገናኙ ምኑን ነው የምትገምቱት?

ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር የተቀረጸው “ዘ ዋየር” የተባለው ድራማ ከ2002 እስከ 2008 ታየ። ሁለት ጊዜ ብቻ ታጨ፣ ሁለቱም በድርሰት፤ አንዱንም አላገኘም። ዛሬ ስለ ቴሌቪዥን የሚያወራ ሁሉ ስሙን ሳይጠራ አያልፍም።

ልጆች፣ የሚቀጥለው መስከረም ሳይመጣ እሱን እዩልኝ። 60 ክፍል ነው። የሚቆጠር ሽልማት ስለሌለው ስልካችሁን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ሃያ ዶላሩንም ለዶሮ አዋጡት።