የጉማሬው ፍጥነት፦ ስለ አንጋጫ የጀልባ ትዝታ የተደረገ ጥናት

ከምባታ ውስጥ ባለችው አንጋጫ ጀልባ የለም። ለዚህ ከወረዳው ማስረጃ ማጻፍ አያስፈልግም፤ ወጣ ብሎ ማየት ይበቃል። ከሀምበሪቾ ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች ክረምት ላይ የእግር ድልድይ ለመውሰድ፣ በጋ ላይ ልብስ ለማጠብ ይሆናሉ እንጂ ሰው ተሳፍሮ የሚዝናናባቸው አይደሉም። ሆኖም ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የአንጋጫ ሰው ቤት ለቡና የተጠራ እንግዳ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ስለ አንድ ጀልባ፣ ስለ አንድ ዓሣና ስለ አንድ ጉማሬ ሳይሰማ አይወጣም። ጀልባ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ የጀልባ ትዝታ ከየት መጣ? ጥያቄውን በቁም ነገር የያዘው ሰው ባለመገኘቱ ሸክሙ እኔ ላይ ወድቋል።

የጥናቱ ናሙና ሦስት ሰው ነው፦ አጎቴ፣ የአጎቴ ባልደረባ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ እና አክስቴ። ዋናዎቹ መረጃ ሰጪዎች ሁለቱ ወንዶች ናቸው። አክስቴ የተካተቱት ቡናውን የሚያፈሉት እሳቸው ስለሆኑና ከክፍሉ ማስወጣት ስላልተቻለ ነው። መረጃው የተሰበሰበው በቃለ መጠይቅ ነው፤ ከተለመደው አሠራር የሚለየው ቃለ መጠይቁን ሁልጊዜ የሚጀምረው ተጠያቂው መሆኑ ብቻ ነው። ሦስት ሰው ያንሳል የሚል ተቺ ቢኖር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሦስቱ ጋር ተቀምጦ ይሞክረው።

በቅድሚያ የውኃውን ጉዳይ መጨረስ ይገባል። ሀምበሪቾ 3,058 ሜትር ከፍታ አለው። ወደ አናቱ የሚያወጣ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ከደረጃዎቹ አንዱም ወደ ውኃ አይወስድም። ከተራራው ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ዝናብ ቢላቴ ወንዝ ይገባል፤ ቢላቴ ደግሞ ወደ ደቡብ ነጉዶ ዓባያ ሐይቅ ይደርሳል። ሕዝቡ ግን ሐይቅ ሲያምረው ሐዋሳ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የአንጋጫ ውኃ አንድ ሐይቅ፣ የአንጋጫ ሰው ሌላ ሐይቅ ያያል ማለት ነው፤ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም። ይህን ለአጎቴ ባስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ውኃው አበል የለውማ» አሉ።

ይህ አስተያየት ለጥናቱ ቁልፍ ሆኖ ተገኝቷል። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ርዕሰ ከተማ በነበረችባቸው ዓመታት መምህሩም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ከየወረዳው ለሥልጠና ይጠራ ነበር። ከአንጋጫ የሚነሳው በዱራሜ ወርዶ፣ ሀላባ ቁሊቶን አልፎ፣ ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀይሮ ይገባል። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ አጎቴም መምህሩም በእርግጠኝነት አያስታውሱም። አጎቴ «አቅም ግንባታ» ብለዋል፤ መምህሩ «እሱ እንኳ ሌላ ጊዜ ነው» ብለዋል። አበሉ ስንት እንደነበረ ግን ሁለቱም እስከ ሳንቲሙ ያውቃሉ። ሠልጣኙ አንድ አልጋ ለሁለት ይከራያል፣ ቁርሱን በሻይና በዳቦ ይገላገላል፣ የተረፈችውን ለቆርቆሮ፣ ለልጆች ጫማና ለመጨረሻው ቀን ይመድባል። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ከታደለ በኋላ አዳራሹ እንደ ተከፈተ በረት ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። የአንጋጫ የጀልባ ትዝታ፣ ባጭሩ፣ የአበል ተረፈ ምርት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረ ትዝታ የለም ማለት አይደለም። መምህሩ በወጣትነታቸው ላንጋኖ፣ በቀለ ሞላ ሆቴል ደርሰው ውኃው በወተት የተበጠበጠ ቡና ይመስል እንደነበር ይናገራሉ። ልክ ናቸው፤ የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ነገር ግን ጀልባ ላይ አልወጡም። ጀልባ የሌለው ታሪክ ደግሞ ቡና ላይ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፤ እኛም እናልፈዋለን።

ንጽጽር ያስፈልጋል የሚል ካለ ጣና አለ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ የሐዋሳው ግን 90 ገደማ ብቻ ነው። በጣና ዳር የኖረ ሰው ታንኳውን ከደንገል አስሮ፣ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወርዳል፤ ዘጌ ለመድረስም ጀልባ ይሳፈራል። ይህ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ጀልባ ላይ ወጣሁ» አይልም። የአንጋጫ ሰው «ዛሬ ቆጮ በላሁ» እንደማይለው ማለት ነው። ቬኒስ በተባለችው የጣሊያን ከተማ ሰው ጀልባን እንደ ታክሲ ይይዛል፤ እዚያም ስለ ጀልባ ሲተርክ የሚያመሸው እንግዳው ነው። ከዚህ የሚወጣው ድንጋጌ፦ የጀልባ ትዝታ መጠን አንድ ሰው ካለው ውኃ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። አንጋጫ ከዚህ አንጻር ባለጸጋ ናት።

አሁን ወደ ጀልባዋ። የመረጃ ሰጪዎቻችን ጉዞ የተካሄደው በ1998 ነው። ባለጀልባው ስንት እንደሆኑ ጠየቃቸው፤ ሰባት ነን አሉ፤ ሰባት ሰው ለአንድ ሰው ዋጋ ለማስገባት ሲከራከሩ ጀልባዋ ላይ ከቆዩበት በላይ ቆሙ። በመጨረሻ ባለጀልባው «ጉማሬ ካላሳየኋችሁ አትከፍሉኝም» አለ። ይህ በሐይቁ ዳር ያለ ከሁሉ የማያከስር ውል ነው፤ ምክንያቱም ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ በእርግጥ አለ፣ ከውኃ በላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ጆሮ ነው፣ ሁለት ጆሮን ደግሞ ከሩቅ ከግንድ የሚለይ ሠልጣኝ እስካሁን አልተገኘም። ብርቱካናማው ጃኬት ታደለ። የአጎቴ ማሠሪያው ስላልሠራ በሲባጎ ታሰረላቸው። ከሥሩ ኮት ለብሰው ነበር፤ በኮቱ ኪስ የምስክር ወረቀቱ ነበረ። ሐይቁ እስከ 22 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ይህን በዕለቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ አሁን ስነግራቸውም ጥሩ አልተሰማቸውም።

ጉዞው ግማሽ ሰዓት ነበር። መምህሩ ዛሬ ሁለት ሰዓት ነው ይላሉ፤ አጎቴ «ፀሐይ ጠልቃብን» ይላሉ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንደሌለው ይታወቃል፤ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ የለም። የአጎቴም ትረካ ከዚሁ የውኃ ጠባይ ጋር ይመሳሰላል።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ጉማሬውን የሚመለከት ነው። በተመለሱ በሳምንቱ፣ በ1998፣ ለጎረቤት በተሰጠው የመጀመሪያ ቃል መሠረት ጉማሬው ከጀልባው 200 ሜትር ርቆ ነበር፤ ለዚህ አክስቴ ምስክር ናቸው። በ2004 በአንድ ሠርግ ላይ ርቀቱ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ሆነ፤ አፉንም ከፈተ። በ2010 አጎቴ ጥርሱን ቆጥረዋል። በ2016 እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኩት ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 200 ሜትር በ18 ዓመት፣ በዓመት 11 ሜትር ገደማ። ጉማሬ የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በትዝታ ውስጥ ግን ረጋ ያለ እንስሳ ነው፣ ብቻ አይቆምም። ቀመሩ ከ2016 በኋላ እንስሳው ጀልባው ላይ እንደሚሳፈር ይተነብያል። ባለፈው መሳላ፣ ማለትም በመስቀል በዓል፣ አጎቴ የጉማሬው ትንፋሽ ፊታቸውን እንዳሞቃቸው ሲናገሩ እኔ ከጎን ሆኜ መዝግቤያለሁ።

ከጀልባ ወርዶ ዓሣ አለመብላት በአሠራሩ የለም። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ አጥማጆቹ መረባቸውን ይፈታሉ፣ ልጆች ቆሮሶውን በቢላ ገፈው ጥሬውን በዳጣ ያቀርባሉ፣ ሾርባው በኩባያ ይዞራል። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣ እንደ ኦዲተር ዝም ብሎ ቆሞ አንጀቱ እስኪጣል ይጠብቃል። ከሠልጣኞቹ የሚለየው የአበል መክፈያ ቅጽ ላይ አለመፈረሙ ነው። የእኛ ሰዎች ግን ጥሬውን ፈርተው ሐይቅ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገቡ። ሙሉ ቆሮሶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ፣ ጭራው እስኪደርቅ በዘይት ተጠብሶ፣ ከግማሽ ሎሚና ከአዋዜ ጋር መጣ፤ ዓይኑም ነበረ። አጎቴ ከየት በኩል እንደሚጀመር ለማየት የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ምልከታ አድርገዋል። ቀጥሎ አስተናጋጇን ጠርተው ቆጮ ካለ ጠየቁ። ዳቦ ነው ያለው ተባሉ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አጥንት ጉሮሯቸውን ያዘ፤ መምህሩ ያልታኘከ ዳቦ አጉርሰው አስዋጧቸው። አክስቴ ይህን ክፍል በሰሙ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቅቤ ግን ነበረው?»

ሙዚቃው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ዲጄ ሥራው ከባድ ነው። የደቡብ ክልል 56 ብሔረሰቦች ነበሩት፤ ሁሉም ሥልጠና ይመጣሉ፤ ምሽቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ዲጄው አንድ የሲዳምኛ፣ አንድ የወላይትኛ፣ አንድ የጉራግኛ፣ አንድ የሀዲይሳ እያለ ያዞራል። ዘፈኑ በተቀየረ ቁጥር አንድ ጠረጴዛ ባዶውን ይቀራል፣ የተመለሰው ጠረጴዛ ላቡን ይጠርጋል። ከጥግ ተቀምጦ የትኛው ዞን በዚያ ሳምንት ሥልጠና እንዳለው በጆሮ ብቻ ማወቅ ይቻላል። ወላይትኛው ሲመጣ ግን የዞን ወሰን ይፈርሳል፤ ወገብ ያለው ሁሉ ይነሳል። ተራው የዘለለው ጠረጴዛ ቅሬታውን ሶፍት ላይ ጽፎ በአስተናጋጅ በኩል ያቀርባል። «የከምባትኛ ይደገምልን» የሚል አንድ ሶፍት በመምህሩ እጅ እንደተጻፈ መምህሩ አምነዋል፤ የእጅ ጽሑፉ የሚያኮራ እንደነበረም አክለዋል።

የአጎቴ አቋም የተለየ ነው። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ዘፈን አልሰሙም። «ድምፁ ነው የመጣብኝ» ይላሉ። መምህሩ በበኩላቸው የአጎቴ እግር ጠረጴዛ ሥር ስለነበረ ምን ያደርግ እንደነበረ መመስከር እንደማይችሉ፣ ጠረጴዛው ግን ይንቀሳቀስ እንደነበረ ገልጸዋል። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ያገኘሁት ግን ከአጎቴ ነው፤ አንድም ሳይዘሉ።

ስለ ሙዚቃ ከተነሳ፣ በእኛ በኩል ትልቁ ድርሻ የመዘምራን መሆኑ መረሳት የለበትም። በቪሲዲ ዘመን አንድ ኳየር መዝሙሩን ሲያስቀርጽ ሸሚዙን አንድ ዓይነት አሰፍቶ ሐይቅ ዳር መቆም ደንብ ነበር። ዓለማዊው ክሊፕም እዚያው አካባቢ ነው የሚቀረጸው፤ ወንዱ ጀልባ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፣ ሴቷ ጣቷን ውኃ ውስጥ ትነክራለች፣ ጀልባውን ማን እንደሚነዳው አይታይም። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኛቸው ውኃው ብቻ ነው። አጎቴ በአንድ ኳየር ቪሲዲ ላይ ከአልቶዎቹ ጀርባ የምታልፈው ጀልባ የእሳቸው ናት የሚል ጠንካራ እምነት አላቸው። ምስሉን ደጋግመን አቁመን አይተናል። ጀልባ የሚመስል ነገር አለ፤ ላዩ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። አጎቴ ሦስተኛውን ነጠብጣብ በጣታቸው እየነኩ «ኮቴ» ይላሉ። ፎቶ ለምን አልተነሱም የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ተነስተዋል። ባለካሜራው ሲያነሳቸው ጃኬቱ ኮታቸውን ስለሸፈነባቸው አውልቀው ነው የቆሙት። ፎቶው ሳሎን ውስጥ ከሠርጋቸው ፎቶ ጎን ተሰቅሏል፤ በመጠን ከሠርጉ ይበልጣል። አክስቴ በዚህ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ተጠይቀው ረከቦቱን ሲወለውሉ ቆይተዋል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ መድረቁን መመዝገብ ደግሞ የጥናቱ አሳዛኝ ግዴታ ነው። ሲዳማ በ2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ከምባታም ሀዲያም እዚያ ገቡ፤ ሥልጠናው ወደ ሆሳዕና ዞረ። ስለ ክልል አደረጃጀት ብዙ ተጽፏል፤ ከሐይቅ አንጻር የተመለከተው ግን የለም። ሆሳዕና መንገዷም ሆቴሏም መልካም ነው፤ ሐይቅ ግን የላትም። በሀዲያ ዞን፣ ሻሾጎ ውስጥ፣ ቦዮ የሚባል ሐይቅ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥልጠና የሚዘጋጀው አዳራሽ ባለበት ነው እንጂ ረግረግና ወፍ ባለበት አይደለም።

ውጤቱ በቤታችን ታይቷል። የአጎቴ ልጅ እሱም መምህር ነው፤ ከሆሳዕና ሥልጠና በተመለሰ በማግስቱ ቡና ተፈላ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ጠበቀ። «እስቲ አጫውተን» አሉት አባቱ። ልጁ ትንሽ አሰበና «አዳራሹ ጥሩ ነበር። ፕሮጀክተሩ ሠርቷል» አለ። ማንም አልተናገረም። አጎቴ በሐዘን አዩት፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከ1998 ጀመሩ።

እኔ ጥናቱ በወሬ ብቻ እንዳይቀር ሐዋሳ ወርጃለሁ፤ በራሴ ወጪ፣ ያለ ምንም አበል። ለአካባቢያችን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ባለጀልባው ያንኑ ውል አቀረበልኝ። ሩቅ፣ ቄጠማው አጠገብ ሁለት ጥቁር ነገር አሳየኝ፤ አንዱ ጠለቀ፤ ከፈልኩ።

በተመለስኩ ቀን አጎቴ ከሁሉ አስቀድመው «ስንት ሜትር ነበር?» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ 250 ይላል።

«መቶ ሃምሳ ቢሆን ነው» አልኳቸው።

አክስቴ ከጀበናው ቀና ሳይሉ «ጀመረው» አሉ።