አራት አርማ፣ አንድ ታፔላ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በባምባሲ ወረዳ ግንዛቤ የሚያስጨብጥ የጋራ የጥበብ ሥራ ቢጠፋ ታፔላ አይጠፋም። ወረዳው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳናውያን የተጠለሉበት የስደተኞች ጣቢያ አለው፤ ስደተኛ ባለበት ረጂ፣ ረጂ ባለበት ታፔላ። አንድ ቆርቆሮ፣ አራት አርማ፣ ከሥሩ ፀሐይ የበላው «በመተባበር»። ቋሚ ኢንስታሌሽን ነው፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተለቀመ የኮምፒዩተር ቁልፍና ሽቦ ገጣጥሞ በ2014 ዓ.ም. የቬኒስ ቢየናሌ የጥበብ ዐውደ ርእይ ድረስ ሲዘልቅ ባነር አላስፈለገውም።

የረጂዎች ሥልጠና የአዳራሽ ጥበብ ግን ወግ አለው። ፍሊፕ ቻርት ይሰቀላል፣ ማርከር ይታደላል፣ ሰዉ በቡድን ይከፈላል። ከሻይ ዕረፍት መልስ ትልቅ እጅ ይሣላል፤ አራቱ ጣቶች ላይ ሰላም፣ አንድነት፣ ጤና፣ ልማት፤ አውራ ጣቱ ላይ የረጂው አርማ። ፎቶ! የውሎ አበሉ ፊርማ ከሥዕሉ በላይ ተጠንቅቀው የሚሠሩት ነው።

የአካባቢው በርታዎች ደግሞ ዋዛ አላቸው፦ ቅል በቅል ላይ ተቀጥሎ የሚሠሩ ረጃጅም መለከቶች። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራቸውን ሲጠባበቁ ነው። በአዳራሹ መርሐ ግብር ላይ «መዝናኛ፣ 10 ደቂቃ» ተብሎ ተይዞለታል፤ ከምዝገባው በኋላ፣ ከክብር እንግዳው ንግግር በፊት፣ እንግዳው ካልዘገየ።