ስንተኛው ክፍል ነው?

ጉንደ ወይን ውስጥ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን እያየ ብቻውን የሚስቅ ሰው ወይ ፍቅር ይዞታል ይባላል፣ ወይ ለይቶለታል። የዚህ ወግ ባለጉዳይ ግን ያሳቀው መጽሐፍ ነበር፤ የእንግሊዛዊው የቴሪ ፕራቸት «ኤሪክ»። ሳቁን ሳይጨርስ አንድ በዕድሜ የሚበልጡት ወዳጁ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ስንተኛው ክፍል ነው?»

«ዘጠነኛው፣ ጋሼ።»

«ስምንቱን አንብበሃል?»

«አላነበብሁም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

ይህች ጥያቄ ጥርስ ውስጥ እንደ ገባች የሥጋ ጅማት አልወጣ አለችው።

«ኤሪክ» ዲስክወርልድ ከሚባሉት 41 ልብ ወለዶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የመጨረሻው በ2015 ደራሲው ካረፈ በኋላ ወጣ። ዓለሙ ጠፍጣፋ ነው፤ አራት ዝሆኖች ተሸክመውታል፣ ዝሆኖቹን ደግሞ አንዲት ግዙፍ ዔሊ። ይህን ያወቀ ሰው ለመሳቅ ሌላ ስንቅ አያስፈልገውም።

በ1990 በጆሽ ኪርቢ ሥዕሎች አምሮ የወጣው ይህ አጭር መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ላይ «ፋውስት» የሚለው ስም ተሰርዞ «ኤሪክ» ተጽፎበታል። ፋውስት ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠው ሊቅ ነው። ኤሪክ ግን ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ጋኔን እስባለሁ ብሎ አንዲት ድግምት በቅጡ የማያውቀውን ፈሪ ጠንቋይ ሪንስዊንድን ይስባል። ጎጃም ውስጥ ደብተራ ጋኔን ሲስብ የሚል ወሬ ሳይሰማ ያደገ የለምና፣ መጥሪያውን አጥንቶ መመለሻውን የዘነጋ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ለማንም መንገር አያስፈልግም። ልጁ ሦስት ነገር ይመኛል። የዓለም ገዥ ልሁን ሲል፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ለካ የዓለም ገዥ ሲመጣ ለበደሉ ሁሉ ሊሠዋው ነው። የዓለምን ቆንጆ ልይ ሲል ልጆች ወልዳ ወፍራ ያገኛታል። ለዘላለም ልኑር ሲል ደግሞ ዘላለም ከሥር ይጀምራልና ፍጥረት ከመፈጠሩ በፊት ይወረወራል።

ከዚህ ውስጥ ስምንቱን መጽሐፍ የሚጠይቅ የትኛው ነው?

ጋሼ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። እዚያ ጉባኤ ቃና ያልቆጠረ ተማሪ መወድስ ላይ እጁን ቢሰድ የኔታ አይምሩትም። ደግ፤ ይህ ግን የተቀኚው ሕግ ነው። በበዓል ቀን መወድስ ሲዘረፍ «ጉባኤ ቃና ያልቆጠረ ይውጣ» የሚባልበት ደብር የት ነው? ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ከመካከል የደረሰ ስንቱ ነው፤ በዛብህ ማን እንደሆነ ከጎረቤቱ ጠይቆ አዳመጠ እንጂ ሬዲዮ አልዘጋም። የአለቃ ገብረ ሐናንስ ቀልድ ከቁጥር አንድ ጀምሮ የሰማ አለ?

የጋሼ ጥያቄ ባለጉዳያችንን ከልቡ ያናደደው ግን መጽሐፉ ውስጥ ሲኦል ላይ ሲደርስ ነው። የፕራቸት ሲኦል ንጉሥ አስትፍግል እሳቱ ሥጋ የሌለውን ሙት እንደማያቃጥል ይደርስበትና ቅጣቱን በመሰላቸት ይተካዋል። ቋጥኝ ሲገፋ የሚኖረው ኩነኔኛ ቋጥኙን ከመንካቱ በፊት ስለ ከባድ ዕቃ አነሣሥ የወጣው ደንብ በሙሉ ይነበብለታል። ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው እዚህ ላይ መሳቁን ያቆማል። አንባቢያችንም አቆመ። መጻሕፍት መደብር እንደ ልብ በሌለበት ከተማ ሰው እጁ የገባውን ያነባል፤ የገባው ዘጠነኛው ነው። ስምንቱን ያላመጣለት ሰው ስምንቱን የሚጠይቀው በምን ሥልጣን ነው? ለመሳቅም መሸኛ ደብዳቤ ያስፈልጋል? እንዲህ እየተባለ ነው ስንቱ ሰው መጽሐፍ ከፍቶ የዘጋው!

ሻዩ ተጨመረ። ጋሼ ጥቂት እውነት እንዳላቸውም መካድ አይቻልም፤ ቀደም ባለው መጽሐፍ ሪንስዊንድ ከዓለም ውጭ ተጥሎ ቀርቶ ነበርና፣ በ«ኤሪክ» መጀመሪያ ላይ እየጮኸ ከየት እንደመጣ የሚገባው ያንን ያነበበ ነው። ያላነበበ ደግሞ ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ ይስቃል። የትኛው ይበልጥ እንደሚስቅ ሁለቱ አልተስማሙም።

ወሬው በዚሁ ወደ ሪንስዊንድ ሣጥን ዞረ። ሣጥኑ በመቶ የሚቆጠሩ እግሮች አሉት፤ ባለቤቱ የሄደበት ሁሉ ይከተላል፣ ሲከፋውም ሰው ይበላል። ከጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ አውቶቡስ ቢሳፈር ረዳቱ እንደ ጭነት ጣራ ላይ ይሰቅለዋል ወይስ እንደ ተሳፋሪ ያስከፍለዋል? ጋሼ ጭነት ነው አሉ። ወጣቱ እግር ያለው ሁሉ ሂሳብ ይከፍላል ባይ ነው፤ በጎችም ጣራ ላይ ይጫናሉ ቢሉት፣ በጎቹ ረዳቱን አይበሉም አለ።